ባልጩት፣ ቡላድ፣ መረግድ፦ በመልክ የሚመሳሰሉ ጥቁር ድንጋዮችን ስለ መለየትና ስለ መሰየም

በጉንችሬ ወይም በቡታጅራ የሚሠራ አንድ ንብረት መዝጋቢ በኤግዚቢትነት የቀረበለትን ጥቁርና አብረቅራቂ ድንጋይ በአማርኛ መዝገብ ላይ ማስፈር ቢኖርበት፣ የሚጠቀምበት ቃል የትኛው ነው? ‹‹ጥቁር ድንጋይ›› ብሎ ቢጽፍ፣ የመዝገቡ አንባቢ የሚረዳለት ግንበኛ ለቤት መሠረት የሚጠርበውን ባዛልት ነው። ‹‹ጥቁር ዕንቁ›› ቢል፣ ገና ላልተመረመረ ነገር የክብር ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው። ‹‹ኦኒክስ›› ቢል፣ ከነጋዴ የሰማውን ደገመ እንጂ የሚያውቀውን አልጻፈም። ድንጋዩ በግምጃ ቤት ሳለ በሌላ ጥቁር ድንጋይ ተለውጦ ቢገኝ መዝገቡ ለየትኛው ወገን እንደሚመሰክር አይታወቅም፤ ሦስቱም ቃላት ለሁለቱም ድንጋዮች ይስማማሉና።

ችግሩ የመዝጋቢው ብቻ አይደለም። የማዕድን ውል የሚተረጉም፣ የወጪ ንግድ ሰነድ የሚያዘጋጅ፣ የጥንተ ታሪክ ጥናት ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያርም ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። መንሥኤውም የቃላት እጥረት ነው ለማለት አይቻልም። ዕንቁ፣ ፈርጥ፣ ሉል፣ አልማዝ፣ ሰንፔር፣ መረግድ፣ ያክንት፣ ባልጩት፣ ቡላድ የሚሉት ቃላት ከጥንት ጀምሮ አሉን፤ በመካከላቸውም ልዩነት አለ። ለምሳሌ ፈርጥ የሚባለው በቀለበት ወይም በመስቀል ላይ የተቀመጠው ድንጋይ እንጂ ከመሬት የወጣው ጥሬው አይደለም። የጐደለን ቃላቱን ከድንጋዮቹ ጋር የሚያያይዝ ብያኔ ነው። ‹‹ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠንካራ ድንጋይ›› የሚል ብያኔ ቢያንስ ለዐሥር ልዩ ልዩ ነገሮች የሚስማማ ስለሆነ ለአንዱም አይበቃም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መለየትንና መሰየምን አንድ ላይ እንመለከታለን። ለመለየት የሚያገለግለው ምልክት ለብያኔውም የሚያገለግለው ራሱ ነውና።

በመጀመሪያ ደረጃ ጥቁረት ራሱ ደካማ ምስክር መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ጥቁር ከሚባሉት ድንጋዮች ብዙዎቹ በእርግጥ ጥቁር አይደሉም፤ ብርሃን ማሳለፍ እስኪሳናቸው ድረስ የጠገበ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቀለም ያላቸው ናቸው። ስስ ጠርዛቸው ወደ ኀይለኛ ብርሃን ሲቀና እውነተኛው ቀለማቸው ይገለጣል። የባልጩት ጠርዝ ግራጫ ወይም ጢስማ ቡናማ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። የጠቆረ የሚመስል ሰንፔር በጠርዙ ሰማያዊ ሊያሳይ ይችላል። ሄማታይት ግን በተለመደው ምርመራ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ብያኔ ሲጻፍ ‹‹ጥቁር›› ከማለት ይልቅ ‹‹በጥቅሉ ሲታይ ጥቁር፣ በስስ ጠርዙ ግራጫ›› ማለቱ አንድ ሐረግ ቢያስረዝምም ለአንባቢው የሚጠቅመው እርሱ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ‹‹ጠንካራ›› የሚለው ቃላችን ነው። በአማርኛ ቶሎ የማይሰበረውም፣ በቀላሉ የማይጫረውም፣ ብዙ የሚሸከመውም ጠንካራ ይባላል። በማዕድን ጥናት ግን እነዚህ ጠባዮች የተለያዩ ናቸው። ባልጩት ለስላሳ ብረት ይጭራል፤ ከእጅ ወድቆ ድንጋይ ቢመታው ግን ይፈነካከታል። እንግዲህ ጠንካራ ነው ወይስ አይደለም? የዕለት ተዕለቱ ቃል መልስ ሊሰጥ አይችልም። ለመጀመሪያው ጠባይ ‹‹ጭረት ቻይነት››፣ ለሁለተኛው ‹‹ምት ቻይነት›› ብንል፣ ቃላቱ የሚያስረዱት ያው የሚለካውን ነገር ስለሆነ ተማሪውም ሠራተኛውም ያለ ማብራሪያ ይረዳቸዋል። ጭረት ቻይነት የሚለካው በሞስ ሚዛን፣ ከ1 እስከ 10 ባለው ደረጃ ነው። በዚህ ሚዛን ባልጩት ከ5 እስከ 5.5፣ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5፣ ኦኒክስ ከ6.5 እስከ 7፣ ጥቁር ቱርማሊን ከ7 እስከ 7.5፣ ስፒኔል 8፣ ሰንፔር 9፣ አልማዝ 10 ይይዛሉ። ተራ የመስኮት መስተዋት ወደ 5.5 ገደማ ነው። ኦኒክስ መስተዋት ሲጭር ባልጩት ግን ከመስተዋት ጋር እኩያ ስለሚሆን ውጤቱ ያጠራጥራል። ይህ ምርመራ የተወለወለ ፈርጥ ላይ መደረግ እንደሌለበት መጨመር ተገቢ ነው፤ መርማሪው እውነቱን ሲያገኝ ባለቤቱ ዋጋውን ያጣልና።

ከቀለሙ ይልቅ የዱቄቱ ቀለም የበለጠ ታማኝ ነው። ያልተቀባ፣ ያልተንቆጠቆጠ ሸክላ ላይ ድንጋዩ ሲፈተግ የሚተወው ሰረዝ በአንዳንድ ትርጉሞች ‹‹ጭረት›› ተብሏል፤ ይህ ግን ከላይ ካነሣነው ጭረት ጋር ስለሚጋጭ ‹‹የዱቄት ቀለም›› ቢባል ይሻላል። በዚህ ረገድ የሀገራችን ሴቶች ከሊቃውንቱ ቀድመው ያወቁት ነገር አለ። የኩል ድንጋይ ሳይፈጭ ብርማና አንጸባራቂ ነው፤ ተፈጭቶ በብልቃጥ ሲገባ ግን ጥቁር ይሆናል። የሄማታይት ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ድንጋዩ ጥቁር መስሎ ዱቄቱ እንደ ቀይ አፈር ይቀላል። አንድ ጥቁር ዶቃ በሸክላ ላይ ቀይ ሰረዝ ከተወ ሌላ ምርመራ ብዙም አያስፈልገውም። ማግኔታይት ጥቁር ዱቄት ይሰጣል፣ ማግኔትም ይስበዋል። ባልጩትና ኦኒክስ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ ዱቄት ስላላቸው ግን በዚህ መንገድ እርስ በርሳቸው አይለዩም።

እነርሱን ለመለየት ወደ ሚዛን መሄድ ያስፈልጋል። ድንጋዩ በአየር ላይ ይመዘናል፤ ቀጥሎ በክር ተንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይመዘናል፤ የመጀመሪያው ክብደት ለጐደለው ክብደት ሲካፈል አንጻራዊ እፍጋቱ ይገኛል። በአየር ላይ 24 ግራም የመዘነ ድንጋይ በውሃ ውስጥ 14 ግራም ቢመዝን የጐደለው 10 ነው፤ እፍጋቱም 2.4 ይሆናል፤ ይህ የባልጩት እፍጋት ነው። በመጠን ከእርሱ ጋር ትክክል የሆነ ኦኒክስ 26 ግራም፣ ጥቁር ቱርማሊን 31 ያህል፣ ስፒኔል 36፣ ሰንፔር 40፣ ሄማታይት ከ50 በላይ ይመዝናል። ከጥንት ዛፍ የተፈጠረው፣ አውሮፓውያን ለሐዘን ጌጥ ይጠቀሙበት የነበረው ጥቁር የከሰል ድንጋይ፣ ማለትም ጄት፣ 13 ግራም ብቻ ነው፤ በእጅም ሲይዙት አይቀዘቅዝም። ሰው ሠራሽ ብርጭቆ ግን እንደ ቅመሙ ከ2.3 ጀምሮ እስከ 4 እና ከዚያም በላይ ስለሚሄድ ሚዛን ብቻውን አያጋልጠውም።

ስለ ወዝና ስለ ስብራት ጥቂት እንበል። ‹‹ወዝ›› በቆዳ ላይ ለሚታየው የጤንነት ብራቅ የምንናገረው ቃል ነው፤ ማዕድን ብርሃን የሚመልስበትን ሁኔታ ለመግለጽ ከ‹‹አንጸባራቂነት›› ይልቅ የሚመች ሆኖ እናገኘዋለን፤ ዐይነቱን ከፊቱ ጨምሮ ‹‹የመስተዋት ወዝ››፣ ‹‹የሰም ወዝ››፣ ‹‹የብረት ወዝ›› ለማለት ያስችላልና። አዲስ የተሰበረ ባልጩት የመስተዋት ወዝ ሲኖረው፣ አዲስ የተሰበረ ኦኒክስ የሰም ወዝ አለው። በስብራት ረገድም እንዲሁ አማርኛ ያልተጠቀምንበት ሀብት አለው። እንጨት በጭረቱ ሲሄድ ‹‹ተፈለጠ›› ይባላል፤ ያለ መስመር ሲቈረጥ ግን ‹‹ተሰበረ›› ነው። ማዕድናትም እንዲሁ ናቸው። በውስጣዊ አሠራራቸው መስመር የሚለያዩት ይፈለጣሉ፤ መስመር የሌላቸው ይሰበራሉ። ስለዚህ ለአንዱ ‹‹ፍልጠት››፣ ለሌላው ‹‹ስብራት›› ብንል ‹‹ስንጥቅ›› የሚለው ቃል ለተራው ስንጥቅ ነጻ ሆኖ ይቀራል። ጥቁር ኦጃይት ወደ ቀጥታ ማዕዘን በሚጠጉ ሁለት አቅጣጫዎች ይፈለጣል። ባልጩት ፍልጠት የለውም፤ ስብራቱ እንደ ዛጎል ውስጠኛ ፊት የጐደጐደና በክብ ሞገዶች የተቀረጸ ነው። ‹‹ዛጎላማ ስብራት›› ልንለው እንችላለን።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ባልጩት እንምጣ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያነጋግረው እርሱ ነውና። የዓለም ሳይንስ ኦብሲዲያን የሚለው ይህ ድንጋይ ማዕድን ሳይሆን የተፈጥሮ ብርጭቆ ነው። ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ሲቀዘቅዝ ይፈጠራል። የስያሜው ታሪክ ለቃላት አጥኚ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ድንጋዩን ኦብሲዩስ የተባለ ሰው በኢትዮጵያ እንዳገኘውና በእርሱ ስም እንደ ተጠራ ይናገራል። ስለዚህ ትክክለኛው ቅጽል ‹‹ኦብሲያኑስ›› ነበር፤ በጽሑፉ መተላለፍ ሂደት አንድ ፊደል ገብታበት ‹‹ኦብሲዲያኑስ›› ተባለ፤ ዓለምም ስሕተቱን ይዞ ቀረ። ፕሊኒ ‹‹ኢትዮጵያ›› ሲል ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ማለቱ መሆኑ አይዘነጋም። ሆኖም በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጕዞ መመሪያ ይህ ድንጋይ ከአዱሊስ ወዲያ 800 ስታዲያ ያህል ርቆ በሚገኝ፣ በመግቢያው አሸዋ በተከመረበት ሰርጥ ውስጥ እንደሚገኝ ስለሚጠቅስ፣ የስሙ ሀገር ከቀይ ባሕር ዳርቻችን ሩቅ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። ፕሊኒ ድንጋዩን የሚያነሣው የእርሱን መልክ አስመስሎ ስለሚሠራ ጥቁር ብርጭቆ ሲናገር ነው። የዛሬው ጥያቄያችን፣ እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት፣ ከስሙ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

እንግዲህ ኦብሲዲያን በሚለው ውሰት ቃል መጠቀም ያለብን ለምንድን ነው? የራሳችን ቃል አለን። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ በአዋሽ ዳር ከሚገኘው ከመልካ ቁንጥሬ አጠገብ ባልጪት የሚባል ስፍራ አለ፤ ምድሩ በባልጩት ፍንካች የተሸፈነ ነው። በመልካ ቁንጥሬ የጥንት ሰዎች ይህን ድንጋይ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠርቡት ነበር፤ ሲምቢሮ በተባለው ክፍል ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በብዛት የባልጩት እጅ መጥረቢያ ይሠራበት የነበረ ስፍራ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። ሁለቱ ስፍራዎች በ2016 ዓ.ም. ‹‹መልካ ቁንጥሬና ባልጪት›› ተብለው በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ድንጋዩና የስፍራው ስም እንዲህ ተያይዘው የዓለም መዝገብ ላይ ከገቡ በኋላ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የላቲኑን የቅጂ ስሕተት ማስቀደም ምክንያት የለውም።

ቃሉ በሕይወት ያለውም በስፍራ ስም ብቻ አይደለም። ጄምስ ጋላገር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በደቡብ መካከለኛው ኢትዮጵያ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች በባልጩት መፋቂያ ሲሠሩ ማየቱን ገልጿል። ከነዚህም መካከል የጉራጌ ባለሙያዎች ይገኙበታል። መፋቂያው በእንጨት እጀታ ጕድጓድ ውስጥ በዛፍ ሙጫ ተጣብቆ ይገባል፤ ሲደንዝ ጠርዙ በብረት እየተመታ ይሳላል፤ ሲያልቅ በሌላ ይተካል። በደቡብ ያሉ ሌሎች ሕዝቦች እንደየአካባቢያቸው በሌላ ዐይነት ድንጋይ ሠርተዋል፤ አንዳንድ ቦታም የጠርሙስ ስባሪ የባልጩቱን ቦታ ወስዷል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከድንጋይ ምርመራ አንጻር የሚገርም አይደለም፤ ሁለቱም ብርጭቆዎች ናቸውና። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ግን ይለያሉ። የፋብሪካው ብርጭቆ ውስጥ የሚገኙት አረፋዎች ብዙውን ጊዜ ክብ ናቸው፤ የባልጩት አረፋዎች ቅላጩ በፈሰሰበት አቅጣጫ የተሳቡ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ደቃቅ የክሪስታል ቅንጣቶችና የፍሰት ሽንትሮች ይታያሉ።

የቃላት ሰብሳቢው ትኩረት እዚህ ላይ ሊያርፍ ይገባል። የጥንተ ታሪክ ጽሑፍ ተርጓሚዎች ለተጠራቢው ዋና ድንጋይ፣ ከእርሱ ለሚነሣው ስስ ክፍል፣ ለመፋቂያው ጠርዝና በሚሳልበት ጊዜ ለሚረግፈው ደቃቅ ስባሪ ቃል ሲያጡ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይፈጥራሉ። ‹‹እናት ድንጋይ››ና ‹‹ፍንካች›› መልካም ሙከራዎች ናቸው። ነገር ግን ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚጠራው ስም አለው፤ ይህም ስም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በእነሞርኛ፣ በቸሃ፣ በክስታኔ፣ በሀድይኛ፣ በሲዳምኛ መሰብሰብ አለበት። ጉንችሬ በእነሞርና ኤነር የምትገኝ ከተማ ስትሆን በዙሪያዋ የሚነገረው እነሞርኛ፣ ተናጋሪዎቹ ኢኖር የሚሉት፣ በቮልፍ ሌስላው የጉራጌ ቃላት ምንጭ መዝገብ (እ.ኤ.አ. 1979) ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሦስት ቅጽ የታተመው ያ ሥራ ለካርዳችን መነሻ ይሆናል፤ የሙያ ቃላት ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ከባለሙያው አፍ መወሰድ ይኖርባቸዋል። ፕላስቲክና የፋብሪካ ቆዳ ሥራውን እየተኩት ስለሆነ የዛሬ አንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ ነገ በማናቸውም ገንዘብ አይገኝም። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባል። ‹‹ፋቂ›› የሚለው ቃል በአማርኛ የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ መሳደቢያ ሆኗል። ካርዱ ላይ ‹‹ቆዳ አልፊ›› ተብሎ ይጻፍ፤ ‹‹ፋቂ››ም በራሱ መግቢያ ሲገባ ‹‹ስድብ›› የሚል ምልክት ይደረግበት። መዝገበ ቃላት ስድብን ቢመዘግብ ነውር የለበትም፤ ስድብ መሆኑን ሳይናገር ማለፉ ግን ነውር ነው።

ባልጩት ለኦብሲዲያን እንዲጸና የሚያግደው አንድ ብርቱ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሲፓራ ልጅዋን የገረዘችበት ድንጋይ ባልጩት ተብሏል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ፊቱን ያመሳሰለበትም እንዲሁ ባልጩት ነው። በትንቢተ ሕዝቅኤል ሦስተኛ ምዕራፍ ግን አልማዝ ከእርሱ የሚጠነክርበት ድንጋይ ቡላድ ተብሎ ተተርጕሟል። የዕብራይስጡ ቃላት የሚያመለክቱት በፍልስጥኤም ምድር በኖራ ድንጋይ ውስጥ በብዛት የሚገኘውን፣ ከኳርትዝ ወገን የሆነውን የእሳት ድንጋይ ነው፤ ባልጩት ግን በዚያ ሀገር በተፈጥሮ አይገኝም። ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም፤ ሐበሻ ስለት የሚያወጣ ድንጋይ ሲባል ወደ ልቡ የሚመጣውን ስም መረጡ፤ ይህም ጥሩ ትርጉም ነው። ይሁንና አንድ የሥነ ምድር ተማሪ ‹‹ባልጩት›› የሚለውን በዚሁ ስፋት ከተረዳው፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረውን ብርጭቆና በውሃ የተጠራቀመውን ሲሊካ አንድ ያደርጋቸዋል። የምናቀርበው ሐሳብ ቡላድ የሚለውን ወደ ሥራ መመለስ ነው። ቃሉ ከዐረብኛው ‹‹ፉላድ››፣ ብረት ከሚለው ጋር የተያያዘና እሳት ከመጫር ጋር የኖረ ስለሆነ፣ ‹‹የቡላድ ድንጋይ›› ለእሳት ድንጋይ እጅግ ይስማማል። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ባልጩት ሁለት ፍቺ ይኑረው፤ 1ኛው ጠቅላላ፣ ስለት የሚያወጣ ጥቁር ድንጋይ፤ 2ኛው ሙያዊ፣ ሲሊካ ከበዛበት የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተፈጠረ፣ ክሪስታል የሌለው፣ ዛጎላማ ስብራትና የመስተዋት ወዝ ያለው፣ በስስ ጠርዙ ብርሃን የሚያሳልፍ የተፈጥሮ ብርጭቆ። ቅዱስ መጽሐፉን ማረም አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ፍቺ ይሸከመዋል።

ከዚህ የባሰ የተወሳሰበው ኦኒክስ ነው። ዕብራይስጡ ‹‹ሾሐም›› የሚለው፣ የምዕራብ ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ ኦኒክስ ያሉት ድንጋይ፣ በአማርኛው ዘፍጥረት ሁለተኛ ምዕራፍ በጥቅሉ ‹‹የከበረ ድንጋይ›› ሲባል በዘፀአት ለኤፉዱ ሲነገር ‹‹መረግድ›› ነው። በዮሐንስ ራእይ ደግሞ መረግድ የሚባለው አረንጓዴው ነው። ከዚህ የተነሣ መረግድን ለጥቁር ድንጋይ መስጠት አይቻልም፤ ሕዝቡ በአረንጓዴነት አውቆታል። ሰንፔርም ቢሆን ጥንት ላፒስ ላዙሊ የሚባለው ሌላ ሰማያዊ ድንጋይ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን በዓለም ሁሉ እንደሆነው በእኛም ቋንቋ ለኮረንደም ዐይነት ጸንቷል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለበትም። ኦኒክስን ኦኒክስ ማለቱ ይሻላል። ሆኖም ብያኔው ላይ ሁለት ነገር መባል አለበት። አንደኛ፣ በጥብቅ አነጋገር ኦኒክስ ትይዩ ሽንትሮች ያሉት ኬልቄዶን ነው፤ ነጋዴዎች ግን ሽንትር የሌለውንም ጥቁር ኬልቄዶን ኦኒክስ ይሉታል። ሁለተኛ፣ በገበያ ከሚታየው ጥቁር ኦኒክስ አብዛኛው በሰው እጅ የጠቆረ ነው፤ ግራጫው ኬልቄዶን በስኳር ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ቀጥሎ በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይገባል፤ አሲዱም በቀዳዳዎቹ ውስጥ የገባውን ስኳር ያከስለዋል። ይህ በንግዱ ዓለም የታወቀና የተለመደ ስለሆነ እንደ ማታለል አይቈጠርም።

ስለ ቀሩት ጥቂት ቃል ይበቃል። ጥቁር ቱርማሊን በዘንጉ ርዝመት በተሰመሩ ደቃቅ መስመሮቹና ሦስት ማዕዘን በሚመስል ወገቡ ጥሬው ሳለ ወዲያው ይታወቃል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በአክሱም አካባቢ ከጭላ ለገበያ የቀረበው ሰንፔር ከባዛልት ጋር የተያያዘና ብረት የበዛበት በመሆኑ ከፊሉ ጥቁር እስኪመስል ድረስ የከረረ ሰማያዊ ነው። እንዲህ ባለው የሰንፔር ጠጠር መካከል ጥቁር ስፒኔል መገኘቱ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ስለሆነ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ስፒኔል ብርሃንን በአንድ መንገድ ብቻ ያሳልፋል፤ የስብረት መጠኑም 1.72 አካባቢ ነው። ሰንፔር ብርሃንን ለሁለት ይከፍላል፤ መጠኑም ከ1.76 እስከ 1.77 ነው። መሣሪያ ያለው ይህን ያያል፤ የሌለው በ3.6 እና በ4.0 መካከል ያለውን የእፍጋት ልዩነት በሚዛን ማግኘት ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ኦፓል ሲሆን፣ የቋንቋችን ሰዋስው ገንዘብ የሚያድንበት ስፍራም ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ ቡናማ ኦፓል ከታወቀ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በደላንታ በወገል ጤና ነጭና ብርሃን አሳላፊ ኦፓል በብዛት ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በጋሸና አቅራቢያ ከስታይሽ በተፈጥሮው የጠቈረ መደብ ያለው ኦፓል ወጣ። ‹‹መደብ›› የሚለውን ቃል ሆነ ብለን ተጠቅመናል። በጥበብ ልብስ ላይ ጥለቱ የሚያርፍበት ዋናው ቀለም መደብ እንደሚባል ሁሉ፣ በኦፓልም ኅብረ ቀለሙ የሚጫወትበት የድንጋዩ የራሱ ቀለም መደብ ሊባል ይገባል። ጥቁር ኦፓል ማለት ሁለመናው ጥቁር የሆነ ሳይሆን መደቡ ጥቁር የሆነ ማለት ነው፤ ጥቁር መደብ ኅብረ ቀለሙን አጕልቶ ስለሚያሳይ ዋጋው ከነጩ ይበልጣል።

ችግሩ የሚመጣው የወሎ ኦፓል በአብዛኛው ውሃ ጠጪ ከመሆኑ ነው። ባዕዳን ይህን ጠባይ ‹‹በውሃ የሚታይ›› በሚል የግሪክ ቃል ይጠሩታል፤ ‹‹ውሃ ጠጪ›› ማለት ግን ምክንያቱን ጭምር ይናገራል። ድንጋዩ በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ውሃ ይስባል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ መልኩም ይለወጣል። ከላይ ያየነውን የውሃ ሚዛን በእርሱ ላይ መጠቀም የማይገባውም ለዚህ ነው። ውሃ የሚጠጣ ጢስም ይጠጣል፣ ቀለምም ይጠጣል። ነጩ ኦፓል በጢስ ሲታጠን ጥቀርሻ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ መደቡን ያጠቍራል፤ በስኳርና በአሲድም እንደ ኦኒክሱ ማጥቆር ይቻላል። እንዲህ ያለው ድንጋይ በአጉሊ መነጽር ሲመረመር ብዙውን ጊዜ ጥቁረቱ በስንጥቆችና በጕድጓዶች ዙሪያ በርትቶ፣ በሌላው ክፍል ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ በቀለም የተነከረውም ቀለሙ በስንጥቆቹ ተጠራቅሞ ይገኛል። ገዢው ይህን ሳያውቅ የተፈጥሮውን ዋጋ ከከፈለ ተታልሏል።

እዚህ ላይ አማርኛ ሁለት ቅርጽ ያቀርብልናል። ‹‹ጥቁር›› ቅጽል ነው፤ ያለውን ጠባይ ይናገራል እንጂ ስለ አመጣጡ አይናገርም። ‹‹የጠቆረ›› ከግሥ የወጣ ነው፤ ቀድሞ እንዲህ እንዳልነበረና በኋላ እንደ ሆነ ያመለክታል። ነገር ግን ጠቆረ የማይሻገር ግሥ ስለሆነ አድራጊውን ይሰውራል፤ ፊት በፀሐይ ይጠቍራል፣ ድስት በእሳት ይጠቍራል። ‹‹አጠቆረ›› አድራጊ ይፈልጋል፤ ‹‹ተጠቆረ›› የሚል ተገብሮ ግን በተለመደው አነጋገር የለም። ስለዚህ የጠቆረ የሚለው ቃል ብቻውን ሻጩን ሊሸሽገው ይችላል፤ ስታይሽ ያለውም በምድር ውስጥ ‹‹የጠቆረ›› ነው ብሎ መከራከር ይቻላልና። መድኀኒቱ ምክንያቱን ከፊቱ ማስገባት ነው፦ ‹‹በጢስ የጠቆረ››፣ ‹‹በቀለም የጠቆረ››፣ ‹‹በስኳርና በአሲድ የጠቆረ››። ለተፈጥሮው ደግሞ ‹‹መደበ ጥቁር›› የሚለው ጥምር ቃል ያለ ምንም ተቀጽላ ቢጠበቅለት ይበቃዋል።

ተርጓሚም ሆነ መዝጋቢ በደረሰኝ፣ በውልና በመዝገብ ላይ ከነዚህ ቅርጾች አንዱን ይምረጥ። ምርመራው ገና ካልተደረገ ደግሞ ሦስተኛ ቅርጽ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ‹‹ኦፓል፣ ጥቁር የሚመስል፣ የጥቁረቱ መነሻ ያልተመረመረ›› የሚለው ነው። ለባልጩትም፣ ለኦኒክስም፣ ለስፒኔልም ያው ይሠራል፦ ‹‹ጥቁር የሚመስል፣ ዐይነቱ ያልተመረመረ ድንጋይ፣ በአየር ላይ 24 ግራም፣ በውሃ ውስጥ 14 ግራም››።